አዲስ ቴሌስኮፕ በባኮ ሰማይ ሥር

አዲስ ቴሌስኮፕ ከካርቶኑ ወጥቶ ሥራ ላይ እስኪውል የሚደረግለት ፍተሻ የትም አገር ቢሆን የተለመደ ቅደም ተከተል አለው። መሣሪያው ይገጣጠማል፤ ማነጣጠሪያው በቀን ብርሃን ይስተካከላል፤ የመስተዋቶቹ አቀማመጥ ይታያል፤ ከዚያ በጨረቃ ተጀምሮ ወደ ከዋክብት ይታለፋል። ከዕቃው ጋር የሚመጣው መመሪያ ግን በአብዛኛው የተጻፈው ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ ገዢ ነው። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ 40 እና 50 ዲግሪ ከፍ ብሎ ለሚታይበት አገር የተሰጠ ምክር፣ ያው ኮከብ ከ9 ዲግሪ ብዙም በማያልፍበት በባኮ ግቢ ሲሞከር ከፊሉ አይሠራም። ስለዚህ መሣሪያውን በሚገባ ለመመዘን ፍተሻውን ከቦታው ሰማይ ጋር ማስማማት ግድ ይላል።

ባኮ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በአምቦ በኩል ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የምዕራብ ሸዋ ከተማ ናት። የምትታወቀው በበቆሎዋና በግብርና ምርምር ማዕከሏ ነው። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,650 ሜትር ገደማ ሲሆን ከአምቦ ዝቅ፣ ከአምቦም ሞቅ ትላለች። ለሰማይ ተመልካች ግን ከከፍታው ይልቅ የሚያሳስበው የደመናው ወራት ነው። ዝናቡ ከግንቦት እስከ መስከረም ይበረታል፤ በሐምሌና በነሐሴ የጠራ ሌሊት ማግኘት የዕድል ጉዳይ ነው። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት ግን ሰማዩ በተከታታይ ይጠራል። ዘመድ ከውጭ ያመጣው ቴሌስኮፕ በክረምት እጅ ከገባ፣ በቀን የሚሠራውን ሠርቶ ጥቅምትን መጠበቅ ነው።

ትንሽ ከተማ መሆን በዚህ ነገር ይጠቅማል። በእንጦጦ ተራራ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የቆሙት የአገሪቱ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ከሥራቸው የተዘረጋውን የአዲስ አበባ ብርሃን መታገል አለባቸው። በባኮ ግን የጎረቤት አምፖል በማይደርስበት ጓሮ፣ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት፣ ፍኖተ ሐሊብ በባዶ ዓይን ይታያል። ሰፈሩን ሁሉ የሚያማርረው የመብራት መጥፋትም ለሰማይ ተመልካች አንዳንዴ የወሩን ምርጥ ሌሊት ያመጣለታል።

ቴሌስኮፕ በአገር ውስጥ ሱቅ እንደ ልብ አይገኝም፤ አብዛኛው በሻንጣ የሚመጣ ነው። የሻንጣው ጉዳይ ቀልድ አይደለም። 200 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት የተገጠመለት ቴሌስኮፕ ቱቦው ብቻ ከ1 ሜትር ይረዝማል፤ ከነመቆሚያው ደግሞ ከ20 ኪሎ ያልፋል። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ባለ 114 ወይም ባለ 130 ሚሊ ሜትር ግን ያለ ብዙ ችግር ይመጣል። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት የሚወስነው የሚሰበስቡት ብርሃን ነው። በጨለማ የተከፈተ የሰው ዓይን ብሌን 7 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል። ባለ 70 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከዚያ 100 እጥፍ፣ ባለ 114 ሚሊ ሜትር መስተዋት 265 እጥፍ፣ ባለ 200 ሚሊ ሜትር ደግሞ ከ800 እጥፍ በላይ ብርሃን ይሰበስባል። ዊልያም ሄርሼል እ.ኤ.አ. በ1781 ዩራነስን ያገኘው በእንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ከመኖሪያ ቤቱ ጓሮ፣ 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ባለው መስተዋት ነበር።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ግን ሌላ ነው። «500 ጊዜ ያጎላል» የሚል ማስታወቂያ ያለው ትንሽ ቴሌስኮፕ በየቦታው ይሸጣል። የማጉላት አቅም የሚሰላው የቴሌስኮፑን የትኩረት ርቀት አይፒስ ለሚባለው ዓይን ለሚጠጋበት ትንሽ ሌንስ የትኩረት ርቀት በማካፈል ነው። የቴሌስኮፑ 1,200 ሚሊ ሜትር፣ የአይፒሱ 25 ከሆነ 48 ጊዜ ያጎላል፤ በባለ 10 አይፒስ 120 ይሆናል። የሚጠቅመው ማጉላት በአብዛኛው በሚሊ ሜትር ከተለካው የቴሌስኮፑ ሌንስ ወይም መስተዋት ስፋት ሁለት እጥፍ አያልፍም። ባለ 76 ሚሊ ሜትር ቴሌስኮፕ ከ150 በላይ ሲያጎላ የሚያሳየው የተለቀ ብዥታ ብቻ ነው። 500 የሚለው ጽሑፍ ያለበትን ዕቃ ገና ሳይከፈት መጠራጠር ይሻላል።

የባኮ ሰማይ ልዩነት ጎልቶ የሚመጣው በመቆሚያው ላይ ነው። ኢኳቶሪያል የሚባለው መቆሚያ አንዱ ዘንጉ ወደ ሰሜን ዋልታ ከተነጣጠረ በኋላ በአንድ አቅጣጫ ብቻ በማዞር ኮከብን ለመከተል የተሠራ ነው። ለንደን ላይ ይህ ዘንግ ከ50 ዲግሪ በላይ ቀና ይላል። ባኮ ላይ 9 ዲግሪ ብቻ ስለሚነሣ የተጋደመ ያህል ነው። ብዙዎቹ ርካሽ ኢኳቶሪያል መቆሚያዎች ለዚህ አልተሠሩም፤ ዘንጉ ይህን ያህል ሲጋደም የሚዛን ክብደቱ ከመቆሚያው እግር ጋር ይጋጫል። የሰሜን ኮከብ ራሱም በዚያ ዝቅታ በባሕር ዛፍ፣ በኮረብታ ወይም በአድማስ ጭጋግ ይሸፈናል። በዚህ የተነሣ በባኮ የሚሞከር ኢኳቶሪያል መቆሚያ የመጀመሪያ ፈተናው ኮከብ አይደለም፤ በቀን ዘንጉን 9 ዲግሪ ላይ አድርጎ ቱቦውን በሁሉም አቅጣጫ ማዞርና የት ላይ እንደሚጋጭ ማየት ነው። የተሻለው አማራጭ ከመጀመሪያውም ሌላ መቆሚያ መምረጥ ነው።

ያ ሌላ መቆሚያ ዶብሶኒያን ይባላል። ስሙን ያገኘው ከጆን ዶብሰን ነው። መነኩሴ የነበረው ይህ ሰው በሳን ፍራንሲስኮ ከተራ ኮምፔንሳቶና ከካርቶን ቱቦ ትልልቅ ቴሌስኮፖች እየሠራ በእግረኛ መንገድ ላይ ለአላፊ አግዳሚው ሰማይ ያሳይ ነበር። መቆሚያው ሣጥን ነው፤ ወደ ጎንና ወደ ላይ ብቻ ይዞራል። ሰሜን የት እንደሆነ ማወቅ አያስፈልገውም። ቢሰበር ሠፈር ውስጥ ያለ አናጺ ይሠራዋል።

ዶብሶኒያንም ቢሆን በባኮ አንድ ድክመት አለው። ፕላኔቶች እዚህ ወደ አናት ይጠጋሉ፤ በሌሊቱ ጉዟቸው ከፍተኛ ቦታ ላይ ሲደርሱ ከአድማስ ከፍታቸው ከ55 ዲግሪ እምብዛም አያንስም፣ አንዳንዴም ልክ በአናት ላይ ያልፋሉ። ለንደን ላይ ግን ፕላኔቱ በደቡባዊው የፀሐይ መንገድ ላይ በሚሆንበት ዘመን ከ15 ዲግሪ አይበልጥም። ከፍታው በረከት ነው፤ ብርሃኑ የሚያልፍበት አየር ቀጭን ስለሚሆን ምስሉ ይረጋል። ሣጥኑ ላይ የተቀመጠ ቱቦ ልክ ወደ አናት ሲቆም ግን ወደ ጎን ማዞር አስቸጋሪ ይሆናል፤ ትንሽ ሲገፉት ዒላማው ያመልጣል። መፍትሔው ፕላኔቱ አናት ላይ ከመድረሱ አንድ ሁለት ሰዓት በፊት ወይም በኋላ ማየት ነው። በ60 ዲግሪ ከፍታ ላይ ምንም የሚቀር ነገር የለም።

የቀኑ ፍተሻ ከማነጣጠሪያው ይጀምራል። ማነጣጠሪያ ማለት ከቱቦው ጎን የተገጠመው ትንሽ ቴሌስኮፕ ወይም ቀይ ነጥብ የሚያሳየው መሣሪያ ነው። ቢያንስ 1 ኪሎ ሜትር የራቀ ነገር፣ ለምሳሌ ኮረብታ ላይ ያለ የኤሌክትሪክ ምሰሶ፣ በዋናው ቴሌስኮፕ መሐል ላይ ይደረጋል፤ ከዚያ የማነጣጠሪያው ብሎኖች እዚያው ነጥብ ላይ እስኪያርፍ ይጠመዘዛሉ። ይህ ሳይደረግ ሌሊት መውጣት ጊዜ ማባከን ነው። ቱቦው ወደ ፀሐይ እንዳይዞር መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ለአፍታ እንኳ በቴሌስኮፕ ፀሐይን ማየት ዓይን ያጠፋል። ልጆች ባሉበት ግቢ ቴሌስኮፑን ክዳኑ ሳይደረግ ፀሐይ ላይ ትቶ መግባት አይገባም። መቆሚያውም በዚሁ ጊዜ ይፈተናል። ቱቦው በጣት መታ ሲደረግ ምስሉ በአንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ ከረጋ ጥሩ ነው፤ አምስት ሰከንድ ከተንቀጠቀጠ በነፋስ ሌሊት አይጠቅምም።

መስተዋት ያለው ቴሌስኮፕ ከሆነ መንገዱ ሳያንገላታው አይቀርም። ከላይ ያለው ትንሹ መስተዋትና ከታች ያለው ትልቁ መስተዋት በአንድ መስመር ላይ መሆናቸው መታየት አለበት፤ አማተሮች ይህን ሥራ ኮሊሜሽን ይሉታል። ባትሪ የሚፈልገው የሌዘር መሣሪያ ይሸጣል፤ ነገር ግን መሐሉ በልኩ የተበሳ የፊልም ዕቃ ክዳን ለዚህ ይበቃል። ዓይን በቀዳዳው ሲያይ የትልቁ መስተዋት ክብ በትንሹ መሐል፣ በዚያም ውስጥ የራሱ የዓይን ነጸብራቅ በመሐል መታየት አለበት። ካልሆነ ከቱቦው በስተኋላ ያሉት ሦስት ብሎኖች ጥቂት በጥቂት ይዞራሉ።

ቀጣዩ ጉዳይ ሙቀት ነው። በባኮ የበጋ ቀን ወደ 28 ዲግሪ ይጠጋል፤ ሌሊቱ ወደ 13 ይወርዳል። ቀኑን ሙሉ ቤት የዋለ መስተዋት ሲወጣ ከአየሩ ስለሚሞቅ ከላዩ የሚነሣው ሙቀት ምስሉን ያንቀጠቅጠዋል። ከአንድ ሰዓት ባላነሰ ጊዜ ውጭ እንዲቀመጥ ማድረግ የሚበጀው ለዚህ ነው። ከዚህም የከፋው የጎረቤት ቆርቆሮ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ የቀኑን ትኩሳት እስከ እኩለ ሌሊት ይተፋል፤ ከጣሪያው በላይ የሚታይ ፕላኔት የፈላ ውኃ ውስጥ ያለ ይመስላል። አዲስ መሣሪያ የያዘ ሰው ይህን አይቶ ሌንሱን ሊወቅስ ይችላል። ሣር ላይ ቆሞ በጣሪያ ላይ የማያልፍ አቅጣጫ መምረጥ ይህን ችግር በእጅጉ ይቀንሰዋል።

የመጀመሪያው የሌሊት ዒላማ ጨረቃ ናት፤ ከሙሉ ጨረቃ ይልቅ ግን ግማሽ ላይ ስትሆን። ጥላና ብርሃን በሚገናኙበት መስመር ላይ ጉድጓዶቹ ጥላ ይጥላሉ፤ የጥላው ጠርዝ የተቆረጠ ያህል ስል ከሆነ ሌንሱ ደህና ነው። ከዚያ የሚመጣው የከዋክብት ፈተና ነው። ደማቅ ኮከብ መሐል ላይ ተደርጎ ምስሉ ሆን ተብሎ እንዲበዥ ሲደረግ የቀለበት ክምችት ይታያል። ቀለበቶቹ አንድ መሐል ካላቸው ኮሊሜሽኑ ልክ ነው፤ ወደ አንድ ወገን ካዘነበሉ ብሎኖቹ እንደገና ይነካሉ። ከትኩረቱ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ሲዞር የሚታዩት ቀለበቶች መመሳሰል አለባቸው፤ በጣም ከተለያዩ ችግሩ የመስተዋቱ ቅርጽ ነውና ሻጩን ማነጋገር የሚገባው ያኔ ነው።

የጥራቱ መለኪያ ጥንድ ኮከቦች ናቸው። በጥር ምሽት ኦሪዮን ወደ አናት ይጠጋል፤ ከእግሩ አጠገብ ያለው ሪጌል ከጎኑ ደብዛዛ ጓደኛ አለው። ጓደኛው በሪጌል ብርሃን ሊዋጥ የሚደርስ ስለሆነ በባለ 114 ሚሊ ሜትር መስተዋት፣ አየሩ በረጋ ሌሊት፣ በ100 ጊዜ ማጉላት መታየት አለበት። ካልታየ ወይ አየሩ ነው ወይ ኮሊሜሽኑ። በኦሪዮን ኔቡላ መሐል ያሉት አራት ኮከቦችም ሌላ ፈተና ናቸው፤ በባለ 200 ሚሊ ሜትር፣ ምስሉ በረጋ ሰዓት፣ አምስተኛና ስድስተኛ ይጨመሩባቸዋል። በነገራችን ላይ ይህ የሰማይ ክፍል ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። የቦረና ኦሮሞ የጊዜ ቆጠራ ባለሙያዎች ጨረቃን ከኦሪዮን፣ ከሲሪየስ፣ ከአልደባራንና ከሌሎች ከዋክብትና የኮከብ ስብስቦች ጋር እያመሳከሩ ወራቸውን ይቆጥራሉ፤ ለዚያ ቴሌስኮፕ አስፈልጓቸው አያውቅም።

ለኢትዮጵያዊ ተመልካች ግን ከሁሉ ልዩ የሆነ ዒላማ አለ። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ምዕተ ዓመቱን ሲያከብር ለየአገሩ አንድ ኮከብና የሚዞረውን ፕላኔት የመሰየም መብት ሰጠ። ለኢትዮጵያ የደረሰው ኤች ዲ 16175 የሚባል ኮከብ ነበር፤ ኮከቡ ቡና፣ ፕላኔቱ አቦል ተባሉ። ቡና ከምድር 196 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። በባዶ ዓይን አይታይም፤ በማንኛውም ጥሩ ቢኖኩላር ግን ይታያል። አቦል ከጁፒተር ከ4 እጥፍ በላይ የገዘፈ ሲሆን ኮከቡን አንድ ጊዜ ለመዞር 2 ዓመት ከ8 ወር ያህል ይፈጅበታል። ፕላኔቱን የሚያሳይ የጓሮ ቴሌስኮፕ የለም፤ የታወቀውም ኮከቡን ወዲያና ወዲህ ሲያወዛውዘው ነው።

ቡናን ለማግኘት መንገዱ ቀላል ነው። በታኅሣሥ መጀመሪያ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል አካባቢ ፊት ወደ ሰሜን ይደረጋል። ከፍ ብሎ አልማክ፣ ከእርሱ በስተቀኝ 12 ዲግሪ ርቆ አልጎል ይታያሉ። አልማክ ራሱ በቴሌስኮፕ ሲታይ አንዱ ወርቃማ፣ ሌላው ሰማያዊ የሆነ ጥንድ ስለሆነ እግረ መንገድን መሣሪያውን ለመፈተሽ ይረዳል። ቡና ያለው በሁለቱ መካከል፣ ግማሽ መንገድ ላይ፣ ከመስመሩ ትንሽ ወደ አድማስ ወረድ ብሎ ነው። ለማረጋገጥ ኤም 34 የሚባለውን የኮከቦች ክምችት መፈለግ ይበቃል፤ እርሱ ከቡና አንድ ዲግሪ ገደማ ርቆ ወደ ታችና ወደ ቀኝ ይገኛል። መስተዋት ያለው ቴሌስኮፕ ምስሉን ስለሚገለብጥ ግን በአይፒሱ ውስጥ ክምችቱ ያለው ወደ ላይና ወደ ግራ ነው። ቱቦውን ከክምችቱ ወደ ቡና ሲመልሱ አዲስ ገዢን የሚያደናግረው ይህ ነው። ስቴላሪየም የተባለው ነጻ መተግበሪያ በስልክ ካለ የኮከቡ ቁጥር ተጽፎ ቦታው ይታያል። በባለ 25 ሚሊ ሜትር አይፒስ ቡና ተራ ኮከብ ነው። አይፒሱ የሚያሳየው ሜዳ ስፋት፣ ማነጣጠሪያው ልክ መሆኑና መቆሚያው ቀስ ብሎ መታዘዙ ሦስቱም በዚህ አንድ ፍለጋ ይፈተናሉ።

የደቡቡ ሰማይ የአውሮፓ መመሪያ ጨርሶ የማይናገርለት ነው። ካኖፐስ በየካቲት ምሽት 28 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። የደቡብ መስቀል በመጋቢት ማብቂያ እኩለ ሌሊት አካባቢ 21 ዲግሪ ላይ ይደርሳል። ከእርሱ አንድ ሰዓት ያህል ዘግይቶ ኦሜጋ ሴንታውሪ 33 ዲግሪ ላይ ይወጣል። ይህ ሚሊዮኖች ኮከቦች የተጠጋጉበት ክምችት 17,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። በባለ 114 ሚሊ ሜትር የተፈጨ ዱቄት ያህል ነው፤ በባለ 200 ሚሊ ሜትር ጠርዙ ወደ ነጠላ ኮከቦች ይበተናል። ትልቁን መስተዋት ለመሸከም የሚከፈለው ድካም ዋጋ እንዳለው የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ዒላማ በባኮ ሰማይ የለም።

ሳተርንን ለመፈተኛ መያዝ ግን በእነዚህ ዓመታት ጥንቃቄ ይፈልጋል። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ቀለበቶቹ ጠርዛቸውን ወደ ምድር አዙረው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እየተከፈቱ ቢሆንም በመጽሐፍ ላይ እንዳለው ሰፊ ቀለበት የሚታዩት ከዓመታት በኋላ ነው። ቀጭን መስመር ያየ ገዢ ቴሌስኮፑ ተበላሽቷል ብሎ ባይደመድም ይሻላል።

በቅርብ ጊዜ የመጣው ሌላ ዓይነት መሣሪያ ዓይን አይጠጋበትም። ሲስታር ኤስ50 የመሰሉት ትናንሽ ብልህ ቴሌስኮፖች ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ካሜራና ሞተር በአንድ ሣጥን ይዘው በስልክ ይታዘዛሉ። ኮከቦቹን ራሳቸው አንብበው ቦታቸውን ስለሚያውቁ የሰሜን ኮከብ መደበቁ አያስጨንቃቸውም፤ የራሳቸው ባትሪ ስላላቸው መብራት ቢጠፋም ይሠራሉ። አጫጭር ፎቶዎችን ደራርበው ዓይን የማያየውን የኔቡላ ቀለም ያወጣሉ። እነርሱም ግን አናት ላይ ይቸገራሉ፤ ሥዕሉ እዚያ በፍጥነት ስለሚዞር የምስሉ ጠርዝ ይበላሻል። ጁፒተርን ለማየት የሚፈልግ ሰው ደግሞ በዚህ ትንሽ ሌንስ አይረካም።

ለፀሐይ የሚያገለግለው ማጣሪያ ከቱቦው ፊት የሚታሰረው ብቻ ነው። በአንዳንድ ርካሽ ዕቃ ውስጥ የሚገኘው፣ አይፒስ ላይ የሚጠመዘዘው ጥቁር መስታወት በሙቀት ሊሰነጠቅ ስለሚችል መጣል አለበት። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ከምዕራብ ወለጋ በኩል ገብቶ በላሊበላ ያለፈው ቀለበታዊ የፀሐይ ግርዶሽ በባኮ በከፊል ነበር። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ደግሞ ግብፅን፣ ሳዑዲ ዓረቢያንና የመንን የሚያቋርጥ ሙሉ ግርዶሽ በኢትዮጵያ በከፊል ይታያል። ወሩ ሐምሌ በመሆኑ የባኮ ሰው ማጣሪያውን አዘጋጅቶ ደመናውን መለመን ይኖርበታል፤ ወይም የጠራ ሰማይ ፍለጋ ወደ ምሥራቁ ቆላ መውረድ።

ክረምቱ ሌላም ሥራ አለው። እርጥበት በገባበት ዝግ ሣጥን ውስጥ ሌንስ ላይ ሻጋታ ይበቅላል፤ አንዴ ከተጣበቀ ቅባቱን ስለሚበላው አይመለስም። አይፒሶቹን ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ ከሲሊካ ጄል ጋር ማስቀመጥ፣ ቱቦውን ከመሬትና ከጭቃ ግድግዳ ማራቅ፣ ዝናቡ ባቆመባቸው ቀናት ለጥቂት ሰዓት ክዳኑን ከፍቶ ጥላ ውስጥ ማናፈስ ይበቃል። የተጠራቀመ አቧራ ምስሉን እምብዛም አይጎዳውም፤ መስተዋቱን በጨርቅ መወልወል ግን ይቧጭረዋል። በጥቅምት ሲወጣ መጀመሪያ የሚታየው ኮሊሜሽኑ ነው፤ ከዚያ እንደ አዲስ በጨረቃ ይጀመራል።